የስፌቱ ክፍል የተዘጋ ጊዜ

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ድንብላሉንና ጥቁር አዝሙዱን በአህያ ጭኜ ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና ስመላለስ፣ ሰው ስሜን ትቶ «ዟሪቷ» ይለኝ ጀመር። እኔም ተቀብዬው ኖርኩ። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ፣ የልጅ ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ያኔ የማውቀው መንገድና ሰው ብቻ ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ ማን ቤት እንደሚታደር፣ ግንደ ወይን ላይ ማን ለአህያ ውኃ እንደማይከለክል፣ ሐምሌ ሲገባ የቱ ጅረት መንገድ እንደሚዘጋ፤ የኔ ትምህርት ይኸው ነበር።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ልጄና ስለ አንድ ክፍል ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነበር፤ እንደሚያልቅ ግን ማንም አላወቀም።

ልጄን የዳሯት የአባቷ ወንድሞች ናቸው፤ ገና ልጅ ሳለች። እኔ ሞጣ ገበያ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ ደረስኩ። ምን እላለሁ? ባል የሌላት ሴት፣ ያውም ዟሪት። የባሏ አባት ከቢቸና ወደ ቆላው ሲወረድ ያሉ፣ ከብታቸው የበዛ፣ ቃላቸው የከበደ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ክፉ ነበር። ወጡ ቀጠነ ብሎ ይመታታል፤ ውኃው ዘገየ ብሎ ይመታታል። አንድ የገበያ ቀን ቤቴ ስገባ ከመደቡ ጥግ ኩርምት ብላ አገኘኋት። አንድ ጆሮዋ አብጧል።

«እምዬ፣ ብትገድይኝም አልመለስም» አለችኝ።

የባሏ አባት ሽማግሌ ይዘው መጡ። እኔም በበኩሌ የደብሩን አለቃ ለመንኩ። አለቃው ቅኔ ያስተማሩ፣ ነገር በጆሯቸው ገብቶ ሳይበስል ከአፋቸው የማይወጣ አዛውንት ነበሩ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ አለቃው እንዲህ ብለው ፈረዱ፦

«ልጅቱ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ጀምራለች። እሱን እስክትጨርስ ማንም አይንካት። ስትጨርስ አድጋ፣ ልብ ገዝታ እዚሁ ትቁምና በራሷ አፍ ትናገር። እመለሳለሁ ካለች ትመለስ። አልመለስም ካለች ማንም አያስገድዳት።»

የባሏ አባት አሰቡና እሺ አሉ። ለምን እሺ እንዳሉ በኋላ ገባኝ። በመኪና መስፋት የምትችል ምራት ለመላው ቤተ ዘመድ ትጠቅማለች፤ ትንሽ ብታገሣት ምን ይጎድላል ብለው ነው። ብቻ የልጄ ነፍስ በዚያ ክፍል ላይ ተንጠለጠለች። ክፍሉ ቆሞ እስካለ ድረስ የኔ ናት። የተዘጋ ቀን ግን ሳትጨርስ፣ ቃሏም ሳይጠየቅ ወደዚያ ቤት ትመለሳለች።

ክፍሉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ያለ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቤት ነበር። በግማሹ ወንዶቹ እንጨት ይሠሩበታል፣ በግማሹ ሴቶቹ ስፌት ይማሩበታል። የቀለሙ ትምህርት ያለፋቸውንም ልጆች ይቀበል ነበርና ነው ልጄ የገባችው። የስፌት አስተማሪዋ ከሐረር የመጣች ወጣት ሙስሊም ናት። መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን ምን ብዬ እንደምጠራት ቸገረኝና «የኔታ» አልኳት።

«እማማ፣ የኔታ ጢም ያለው አይደል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን። በጾም ጊዜ ሥጋ ስለሌለ ቤቴ መጥታ ሽሮ ትበላ ነበር። ፍልሰታ ሲፈታ «እንግዲህ ተለያየን!» ትለኝና እንሳሳቃለን።

የከተማው ሰው ክፍሉን ብዙም አይወደውም ነበር። «ልጅሽን ቁጢት በጣሽ አደረግሻት አሉ» ይሉኛል፤ ሸማኔ ሲሰድቡ እንደሚሉት። የጨዋ ልጅ በእጁ ሥራ አይኖርም ይባል በነበረበት አገር ነው እንግዲህ። እኔ ግን በመስኮት ቆሜ ሳያት፣ እግሯ መርገጫው ላይ፣ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ ያ ያበጠ ጆሮ የሷ ያልነበረ ይመስለኝ ነበር። ከጎኗ አንዲት ጓደኛዋ ትቀመጣለች። ሁለቱ በአንድ መኪና ተራ ይገባሉ፤ አንዷ ስትሰፋ አንዷ ጨርቁን ትይዛለች። ያቺ ልጅ እናት የላትም፤ አክስቷ ዘንድ ነው ያደገችው። ሳቅ ስትጀምር የማትጨርስ ልጅ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው በክር ነው። ከደብረ ማርቆስ በየጊዜው የሚላከው ክር ዘገየ። ቀጥሎ ጨርቁ ቀረ። አስተማሪዋ ልጆቹን የስኳር ጆንያ አስፈትታ በሱ ታለማምዳቸው ጀመር። መርፌ ሲሰበር የሚተካው ጠፋ። አንዱ መኪና ሲቆም ዕቃውን ለሌላው እየነቀሉ፣ በኋላ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ሌሎቹ ክንፉ እንደ ተሰበረ ዶሮ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ የእንጨት ሥራ አስተማሪው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ምትክ አልመጣም። ወንዶቹ ልጆች በመዶሻና በመጋዝ ፋንታ ኳስ ያዙ።

አንድ ቀን አስተማሪዋ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«እማማ፣ ባጀት ተቀነሰ።»

«እሱ ከተቀነሰ ምን ይሆናል?»

«ቢቸናና ሞጣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፍል አላቸው አይደል? ከእንግዲህ ለሁለቱ አይበቃም ተባለ። ከሁለት አንዱ ይዘጋል። የሚቀረውን የሚመርጥ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው።»

ልጄ ውኃ እየቀዳች ነበር። እንስራው ሞልቶ ሲፈስ አላየችውም።

ወሬው በከተማው ተዛመተ። የሚገርመው፣ ክፍሉን ሲንቅ የነበረው ሰው ሁሉ ሞጣ ሊወስደው ነው ሲባል ጊዜ ተነሣ። «ለሞጣ? ሞጣ ከኛ በምን ይበልጣል?» ተባለ። አለቃው ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። እኔም በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ነው» አሉ አለቃው። «እንግዳ ፊት ገመና አይገለጥም። ቤታችን ጎድሎ ካየ ይንቀናል። ከናቀን ደግሞ ‹እነዚህ ለምን ይሰጣቸዋል› ይላል። ስለዚህ ክፍሉን እንደ ሰርግ ቤት እናልብሰው።»

ሁሉም «ደግ ተናገሩ» አለ። እኔም ደግ መስሎኝ ነበር። ባገራችን ወግ እንግዳ ሲመጣ የተቀደደው ከስር፣ ደህናው ከላይ ነው የሚነጠፈው። ተበድረህም ቢሆን ታበላለህ፤ የጎደለህን ለእንግዳህ አትነግረውም። ይኸን ማን ያጣዋል?

አስተማሪዋ ብቻ ናት የተቃወመች። ከሴቶቹ መካከል ወጥታ አለቃው ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰውየው የሚመጣው የጎደለውን ሊያይ ነው። የተሰበረውን ካላየ እንዴት ያስጠግናል?»

«ልጄ፣ ሐረርን አላውቅም» አሏት፣ ሳይቆጡ። «እዚህ ግን ለምኖ አዳሪ እንኳ ክብሩን ጠብቆ ነው የሚለምን። አንቺ ልጆቹን አስተምሪ፤ ወጉን ለኛ ተዪልን።»

 ወደኔ ዘወር ብላ አየችኝ። ምን ልበላት? ልጄ በዚያ ክፍል ላይ ተንጠልጥላ እያለች አለቃውን የምቃወም ሰው አልነበርኩም።

ከዚያማ ምን ቀረ! ሴቱ ሁሉ ሳጥኑን ከፈተ። ለልጅ ሰርግ የተቀመጠ ጣቃ ወጣ። ስጋጃ ወጣ፣ መጋረጃ ወጣ። የነጋዴ ሚስቶች ከሱቃቸው ክር በካርቶን አምጥተው መደርደሪያው ላይ ደረደሩት፤ ሰውየው ሲሄድ የሚመለስ ነው። የቆሙት መኪኖች ተሸክመው ወደ ዕቃ ቤት ተወሰዱና ጆንያ ተጣለባቸው። የሚሠሩት ሁለቱ ቅባት ተቀብተው መሐል ላይ ቆሙ። ልጆቹ አዲስ ቀሚስ ለበሱ። ጠጁ ተጣለ። ያቺ የልጄ ጓደኛ ክፍሉን ዞራ አየችና፦

«እኛ እንዲህ ያለ ቤት ነው እንዴ የምንማረው? እስከ ዛሬ የት ነበርን?» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። አክስቷ «ዝም በይ አንቺ!» ብለው ቆነጠጧት።

ኢንስፔክተሩ መጡ። ኮት የለበሱ፣ ረጋ ያሉ፣ መንገዱ ያደከማቸው ሰው ነበሩ። ከመኪናቸው ሲወርዱ ዕልል ተባለላቸው። ክፍሉን ሲገቡ ቆም አሉ። መደርደሪያውን አዩ፣ ክሩን አዩ፣ ስጋጃውን አዩ። ልጄ መኪናው ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከበሩ ሆኜ አያታለሁ። መርገጫውን ረግጣ መስፋት ጀመረች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«በጣም ጥሩ» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ክር ይበቃችኋል?»

ልጄ አለቃውን አየች። አለቃው በዓይናቸው ጠቀሷት።

«ይበቃናል ጌታዬ» አለች።

«መኪናስ? የተበላሸ የለም?»

«የለም።»

አስተማሪዋ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። አፏን ልትከፍት ስትል የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቀደሟትና «ጌታዬ፣ ምሳ ደርሷል፤ በዚህ በኩል ይለፉ» አሉ። ኢንስፔክተሩ ወጡ። በሉ፣ ጠጡ። ለስንብት ልጆቹ የሰፉት፣ ጠርዙ በጥልፍ ያሸበረቀ ካባ ተደረበላቸው። መኪናቸው ወደ ሞጣ መንገድ ሲያቀና አለቃው ፈገግ አሉ። «አየሽ?» አሉኝ። «ልጅሽ ተረፈች።»

በሳምንቱ ቅመሜን ጭኜ ሞጣ ገባሁ። ከማድርባት ጠላ ሻጭ ቤት ገና አህያዬን ሳላራግፍ ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«እሰይ መጣሽ! የሆነውን ልንገርሽ? የናንተው ሰውዬ መጣ፣ ያ ኢንስፔክተር። እኛ ሞጦች ደግሞ በዚያ ሰሞን ከዳይሬክተራችን ተጣልተን ማን ይጥረግ፣ ማን ያስተካክል? ሰውየው ሲገባ ጣራው ዝናቡን ያንጠባጥባል። ተቀመጡ ተባለና ወንበሩ ከሥሩ ወልቆ እሱ መሬት!»

«ኧረ በሞቴ!»

«በሞቴ! ቀጥሎ አንዷ እብድ ልጅ ‹መርፌ የለንም፣ ክር የለንም፣ መኪናውም ሞቷል› አለችው፤ ፊት ለፊት! እናቷ ባትደርስ ኖሮ ሌላም ልትጨምር ነበር። እንዲህ ተዋረድን እልሻለሁ። ቢቸና ወሰደችው በቃ።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልዋሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። መንገዱን ስመለስ አህያዋን አላሳርፋት ብዬ ነው የገባሁ። ለአለቃው ነገርኳቸው፣ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ሞጣ ወንበር ተሰብሮባት ሰው ወደቀ ሲባል ቢቸና ሳቀች። አስተማሪዋ ብቻ አልሳቀችም። ጆንያ ከተጣለባቸው መኪኖች አጠገብ ቆማ ሰማችኝና «እማማ፣ እውነት መርፌ የለንም አለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሄዳ ተቀመጠች።

ውሳኔው የመጣው መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው። ዳይሬክተሩ አለቃውንና ሽማግሌዎቹን ጠርተው ነገሯቸው። ኢንስፔክተሩ ቢቸናን እጅግ አመስግነዋል፤ ሕዝቡ ራሱን የቻለ፣ ክፍሉ ምንም ያልጎደለው ነው ብለዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ከመንግሥት ሳይጠብቅ በራሱ ሊያስተምር ይችላል። ያለው ጥቂት ባጀት ግን ለተቸገረችው ለሞጣ ይሁን። መኪኖቹም፣ አስተማሪዋም ወደ ሞጣ ይዛወሩ።

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ብሎ አጉረመረመ። 

እኔ የሰማሁት ከልጄ ነው። እየሮጠች መጣች። «ክፍሉ ለሞጣ ሆነ» አለችኝና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጨምራ ነከሰችው። ወሬ ከሰው ይፈጥናል። ወደ ቆላው ለመድረስ አንድ ገበያ ይበቃዋል።

የጭነት መኪናው የስፌት መኪኖቹን ሊጭን የመጣ ቀን የባሏ አባት በበቅሎ ደረሱ። ልጃቸውና ሁለት ዘመዶቻቸው በእግር ተከትለዋል። ዱላ ይዘዋል። ከበቅሎ ወርደው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዱና ሽማግሌ አስጠሩ። ሽማግሌ ከሚቀመጥበት ከደጁ ወይራ ሥር የትምህርት ቤቱ ግቢ ይታያል። የቀን ሠራተኞች መኪኖቹን አንድ አንድ እያሉ ሲያወጡ ይታያል። ጆንያ ለብሰው የነበሩት እነዚያ የቆሙት፣ አሁን በጠራራ ፀሐይ ለሁሉ ሰው ታዩ።

«ነገሬ አጭር ነው» አሉ የባሏ አባት። «እጅ ሥራውን እስክትጨርስ ተባልኩ፤ ታገሥኩ። ቤቱ ተዘጋ። ሲዘጋ አለቀ። ምራቴን ስጡኝ።»

«አልጨረሰችም» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ! እናት ዟሪ፣ ልጅ ዟሪ። አስተማሪም የለ፣ ቤትም የለ፤ ምን ልትጨርስ ነው? መንገድ ልትጨርስ?»

ዘመዶቻቸው ሳቁ። ባልየው አልሳቀም። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ልጄን ያያታል። እሷ ከኋላዬ ነበረች። 

አስተማሪዋ ከግቢው እየሮጠች መጣች። እጇ ላይ የዘይት ጠቃጠቆ አለ።

«አባቶቼ፣ እኔ ሞጣ ልወስዳት እችላለሁ። እዚያ ትጨርሳለች። ከኔ ጋር ታድራለች።»

«አንቺ ማነሽ?» አሉ የባሏ አባት። «አገርሽ ሩቅ፣ ሃይማኖትሽ ሌላ። ነገ ሐረር ብትወስጃት ማንን ልከስ ነው? ዋስ አለሽ?»

አስተማሪዋ ዙሪያዋን አየች። ዋስ ማለት ልጅቱ ብትጠፋ የሚጠየቅ፣ መሬትና ስም ያለው ሰው ነው። እኔ መሬት የለኝም። የልጄ አጎቶች ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። የጭነት መኪናው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። መሽቶ ከመጨለሙ በፊት ደብረ ወርቅን ማለፍ ፈልጓል።

ዋስ የለም። ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ። ባልየው አንድ እርምጃ ወደኛ መጣ።

አለቃው ያን ጊዜ ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ተነሡ።

«እኔ ዋስ ነኝ።»

የባሏ አባት ዞሩ። «አንቱ? ቤቱን በወግዎ ያዘጉት አንቱ አይደሉም እንዴ? አሁን ደግሞ ለልጅቱ ዋስ?»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። እንዲህ ያለ ቃል ለአለቃው ተብሎ አያውቅም። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ስለዚህ ነው። ‹ይበቃናል በይ› ብዬ በዓይኔ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ልጅቱ የታዘዘችውን ተናገረች። ቤቱን ያጣችው በኔ ነው፤ ስለዚህ ቤት የማገኝላትም እኔ ነኝ። ሞጣ ሄዳ ትጨርስ። ብትጠፋ እርሻዬ ያውልዎ። ስትጨርስ ይዤያት እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ በአፏ ትነግርዎታለች። ቃላችን ይኸ ነበር፤ አሁንም ይኸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ «ልክ ነው» አሉ። የባሏ አባት በበቅሎዋ ልጓም ሲጫወቱ ቆዩ። የአለቃውን እርሻ እምቢ የሚል ሽማግሌ እንደማይገኝ አወቁ። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ ዕድሜ ልኩን አይጠብቅም።»

ልጄን እጇን ይዤ ሮጥን። የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል። በመኪኖቹና በእንጨቱ ጠረጴዛ መካከል ተሸጉጣ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ጓደኛዋን ያየኋት። የመኪናውን የጎን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አትስቅም።

«እኔንስ?» አለች። ለማን እንደተናገረች አላወቅሁም።

አስተማሪዋ ከፊት ተቀምጣ ነበር። በመስኮት ብቅ ብላ «አክስትሽን ጠይቂ፣ ከፈቀዱልሽ ከእማማ ጋር በእግር ነይ» አለቻት። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ልጅቱ እንጨቱን ሳትለቅ ጥቂት ሮጠች፤ ከዚያ ለቀቀች።

አክስቷን ጠየቅኋቸው። «ዋስ ማን ይሆናታል?» አሉኝ። «ለልጅሽ አለቃው ሆኑ፤ ለዚችስ?» አህያዬን ጭኜ ብቻዬን ወደ ሞጣ ሄድኩ።

ልጄ ሞጣ ጨረሰች። የሞጣ ሰው መጀመሪያ «የቢቸና ልጅ ቦታችንን ያዘች» ብሎ አኩርፎባት ነበር። በኋላ ቀሚስ ስትሰፋላቸው ተዉት። ኢንስፔክተሩ ቃላቸውን ጠብቀው ክርና መርፌ ልከዋል፤ የቆሙት መኪኖችም ተጠግነዋል። በየገበያው ልጠይቃት ስገባ ያ የረገፈ ወንበር ታድሶ አየሁት። እሱ ላይ ተቀምጬ ልጄን ስጠብቅ፣ ሰው ፊት የወደቀ ወንበር ምን እንዳደረገ አስብ ነበር። ያን ሁሉ ስጋጃ ያነጠፍነው እኛ ምን እንዳደረግን ደግሞ አስባለሁ። ቢቸና የነበረው ክፍል በሩ ተዘግቶ ቆየና የእህል መጋዘን ሆነ። እዚያ ይማሩ ከነበሩት ልጆች አንዷ ጠላ ሸጠች፣ አንዷ ዘመድ ፍለጋ ሄደች፣ የተቀሩት ተዳሩ።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ አለቃው እንደ ቃላቸው እስከ ሞጣ ድረስ በበቅሎ መጥተው ልጄን ይዘዋት ተመለሱ። አርጅተው ነበር።  ልጄ መንገዱን ሁሉ ከአፏ የሚወጣውን አንድ ቃል ብቻ እየተለማመደች ነበር የሚመስለኝ። ወይራው ሥር ሽማግሌው ተቀመጠ። የባሏ አባት መጡ፤ ያለ በቅሎ፣ ያለ ዘመድ፣ ብቻቸውን።

አለቃው «በይ ልጄ፣ ተናገሪ» አሏት።

«መጠየቅ አያስፈልጋትም» አሉ የባሏ አባት። «ልጄ ካገባ ቆየ። እናንተን ለማክበር ነው የመጣሁ። ዋስትናዎም ወርዷል፣ አለቃ።»

«ማንን አገባ?» አልኩ።

የነገሩን ያቺን ነው። ሳቂታዋን። ክፍሉ በተዘጋ ባመቱ አክስቷ ያለ ድግስ ሰጧት፤ ለኛ ዘመድ ፍለጋ ሄደች ነበር ያሉን።

ልጄ ቆማ ቀረች። ስንት ጊዜ የተለማመደችው ቃል አፏ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ። ነፃ ወጣች ተብሎ ሴቶቹ ሳሟት። እሷ ግን ወደኔ መጥታ፦

«እምዬ፣ ወደ ቆላው ውሰጅኝ» አለችኝ።

«ብለሽ ብለሽ? እዚያ ቤት?»

«ቤቱን አላልኩም። ምንጩን። ውኃ የሚቀዳበትን አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ወረድን። ፈርቻለሁ። ያ ሰውዬ ቢያያት ምን ያደርጋል? ምንጩ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ተሸሽገን ቆየን። ጓደኛዋ እንስራ አዝላ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። አንገቷ ላይ ያረጀ ቁስል አለ። እኛን ስታይ እንስራውን አወረደችና ቆመች። አልተቃቀፉም። ተያዩ ብቻ።

«ጨረስሽ አሉ» አለች።

«ጨረስኩ።»

«እጅጌ አስተማረቻችሁ?»

«አዎ።»

«እኛ እጅጌ ጋ ነበር ያቆምነው» አለች። «አንገቱን እችላለሁ፣ ወገቡን እችላለሁ፣ ጠርዙን እችላለሁ። እጅጌው ነው የሚቀረኝ። ለሚወለደው ልብስ ልሰፋለት ብዬ በእጄ ሞከርኩት፤ ይጨማደድብኛል።»

ልጄ ነጠላዋን አወለቀች። ድንጋይ ላይ ዘረጋችው። ከመቀነቷ መርፌና ክር አወጣች። የነጠላውን ጥግ እንደ እጅጌ አጠፈችውና «ከላይ ከትከሻው ነው የሚጀመረው፤ ከብብቱ አይደለም፤ እዪው፣ ትርፉን በጣትሽ እየገፋሽ...» ስትል ያቺ ልጅ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ተንበረከከች።

ከላይ ከመንደሩ በኩል የአማቷ ድምፅ ተሰማ፤ «አንቺ! ውኃው የት ደረሰ?» የሚል።

«መጣሁ!» ብላ ጮኸች፤ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። «ደግመሽ አሳዪኝ፣ ቶሎ።»

እኔ ወደ መንደሩ በሚወስደው መንገድ ወጣሁና ከጉብታ ላይ ቆሜ፣ ማንም እንዳይደርስባቸው መጠበቅ ጀመርኩ።